የሳር ማጨጃው ሞተር አልነሣ ሲል መጀመሪያ የሚመረመረው ቤንዚኑ ነው

እኔ በምኖርበት ሜሪላንድ ሳሩ ማደግ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ሲሆን፣ ከኅዳር ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ የቆመው ማጨጃም የሚወጣው ያኔ ነው። ገመዱ ሲጎተት ሞተሩ አንዴ ሁለቴ ያስልና ዝም ይላል። ብዙ ሰው ሁለት ቀን ታግሎ ማሽኑን መንገድ ዳር ያወጣውና አዲስ ይገዛል፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ከልቤ አዝናለሁ። የራሴንና የጎረቤቶቼን ማሽኖች ስጠግን ካጋጠሙኝ እምቢ ባይ ሞተሮች አብዛኞቹ ምንም ያልተሰበረባቸው፣ ያደረ ቤንዚን ብቻ የጎዳቸው ነበሩ።

እዚህ አገር በየማደያው የሚሸጠው መደበኛ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ነው። ኤታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ከቤንዚኑም በቶሎ የሚተነውና በቀላሉ የሚቀጣጠለው ክፍል ቀስ በቀስ እየበረረ ያልቃል። ይህ ለውጥ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ መታየት ይጀምራል። ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚያቀላቅለው በካርቡሬተሩ ውስጥ የሚቀረው ቤንዚን ደግሞ ጥቂት ማንኪያ ብቻ በመሆኑ ፈጥኖ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ሶማሌ ተራ ለብዙ ዘመን በመካኒክነት የሠሩ አንድ አባት የማሽኔን ታንከር ከፍተው አሸተቱና «ልጄ፣ ይሄ ቤንዚን መሆኑ ቀርቷል፤ ቨርኒሽ ሆኗል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሞተር መፍቻ ከማንሣቴ በፊት አሸተዋለሁ፤ የተበላሸው ቤንዚን የአዲሱ ዓይነት ስለታም ሽታ የለውም፣ የቆየ ቀለም ቀለም ይሸታል።

ጥፋቱ የቤንዚን ይሁን የእሳት ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቶ በቀዳዳው ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዲስ ቤንዚን ማፍሰስ፣ ካንዴላውን መልሶ ማሰር፣ የፈሰሰውን ጠርጎ የቤንዚኑን ዕቃ ራቅ ካደረጉ በኋላ ገመዱን መጎተት ነው። ሞተሩ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ ተነሥቶ ከጠፋ፣ እሳቱ ደህና ነው፤ የቀረበት ቤንዚን ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ አዲስ ቤንዚን ታንከሩ ላይ መጨመር ብቻውን አይበቃም፤ መተላለፊያው ተደፍኗልና ካርቡሬተሩ መከፈት አለበት።

ካርቡሬተሩን መክፈት የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። የቤንዚኑ መስመር ከተዘጋ በኋላ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችው ብሎን ስትፈታ ትንሿ የቤንዚን ጽዋ ወደ እጅ ትወርዳለች። ባለፈው ዓመት በከፈትኩት ሞተር ጽዋዋ ውስጥ ያገኘሁት አረንጓዴ ያዘለ ዝቃጭ ነበር፤ በጣቴ ስነካው እንደ ማር ይሳባል። መካከል ላይ ባለው ዘንግ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይገኛል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ግን ቀዳዳው ያለው በዚያችው ብሎን ላይ ነው። ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ነው፤ ንጹሕ ከሆነ እንደ መርፌ ጫፍ ያለች የብርሃን ነጥብ ትታያለች፣ የኔው ላይ ግን ድርግም ያለ ጨለማ ነበር። የካርቡሬተር ማጽጃ ከረጨሁበት በኋላ ከኤሌክትሪክ ሽቦ የመዘዝኳትን አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ቀስ አድርጌ አሳለፍኩበት። ጠንካራ ብረት መጠቀም አይገባም፤ ቀዳዳው ከሰፋ ሞተሩ የሚወስደው የቤንዚን መጠን ይዛባል።

ሞተሩ ተነሥቶ ድምፁ ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ቀዳዳ በከፊል መደፈኑ ነው። ቤንዚን ሲያንሰው ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ፍጥነት ተቆጣጣሪው ደግሞ ይህን አይቶ የአየርና የቤንዚኑን መግቢያ ይከፍትለታል፤ ሞተሩ ሲፈጥን ተቆጣጣሪው መልሶ ይዘጋዋል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አሥር ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋና ጥቂት ቆይቶ የሚነሣ ሞተር ሲያጋጥም ግን ካርቡሬተሩን ከመፍታት በፊት የታንከሩን ክዳን ላላ ማድረግ ይሻላል፤ በክዳኑ ላይ ያለው የአየር ቀዳዳ ሲደፈን ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል።

ስለ ካንዴላና ስለ አየር ማጣሪያ ብዙ የምለው የለም። የካንዴላው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። በዘይት የራሰ ወይም በብርሃን ሲታይ ጨለማ የሆነ የወረቀት ማጣሪያ ደግሞ ይቀየራል እንጂ አይታጠብም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ስለቱ ግንድ ወይም ድንጋይ ከመታ በኋላ ሞተሩ እምቢ ሲል ነው። ገመዱ ከእጅ ነጥቆ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ከላይ ያለውን ከባዱን መዘውር ከዋናው ዘንግ ጋር የምታያይዘው ትንሽ ቁራጭ ብረት ተቆርጣ ሊሆን ይችላል። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህች ቁራጭ ለስላሳ ሆና የተሠራችው ዘንጉን ለማዳን ነው። እርሷ ስትቆረጥ መዘውሩ ትንሽ ይንሸራተታል፤ እሳቱም ያለ ጊዜው ይመጣል። ዋጋዋ ርካሽ ነው፣ ዘንጉ ከተጣመመ ግን ሞተሩን ማዳን እምብዛም አያዋጣም። እጅ ወደ ስለቱ ከመቅረቡ በፊት የካንዴላው ገመድ መነቀል አለበት፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ማንንም ለምኜ እነግራለሁ፣ ስለቱን በእጅ ማዞር ብቻ ሞተሩን ሊያስነሣው ይችላልና። ማሽኑ ሲጋደምም የካርቡሬተሩ ወገን ወደ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ዘይቱ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል፣ ሲነሣም በነጭ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል።

ዘይቱ ግማሽ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። አዲስ ሞተር ከመጀመሪያዎቹ 5 ሰዓታት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሲቀየርለት ብዙ ዓመት ያገለግላል። ቤንዚን ሲቀዳም 88 የሚል ቁጥር ያለበትን ቧንቧ መተው ያስፈልጋል፤ 15 በመቶ ኤታኖል ያለበት ስለሆነ ለእነዚህ ሞተሮች አልተፈቀደም።

እኔ በኅዳር የመጨረሻውን ሳር ካጨድኩ በኋላ ታንከሩን አራግፌ ሞተሩን ቤንዚኑ አልቆ በራሱ እስኪጠፋ አሠራዋለሁ፤ የጽዋዋንም ብሎን ከፍቼ የቀረውን ጠብታ አወጣለሁ። በመጨረሻም ገመዱን በዝግታ እስቤ እጄ ላይ ሲከብደኝ አቆማለሁ፤ በዚያ ቦታ ሁለቱም ቫልቮች ዝግ ስለሚሆኑ የብርዱ ወራት እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ አይገባም።