ካምፓስ ውስጥ ዘረኝነትን በቅጽ መታገል

የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር አመራር ውስጥ የገባሁት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ካምፓሱ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው፣ ሐበሻ አይጠፋበትም። ከእኛ በፊት የነበሩት ልጆች ሰልፍ ወጥተዋል፣ መግለጫ አውጥተዋል። አስተዳደሩም "በጣም አዝነናል" የሚል ኢሜይል ልኮ ነበር። ከዚያስ? ዝም።

ቅሬታው ግን አላባራም። ማታ ላይብረሪ በር ላይ መታወቂያ የሚጠየቀው ጥቁሩ ነው። ጥሩ ጽሑፍ ያስገባ ደግሞ "ራስህ ነህ የጻፍከው?" ይባላል።

እኛ የጀመርነው ሕጉን በማንበብ ነው። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ርዕስ ስድስት፣ የፌደራል ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር መድልዎ እንዳይፈጽም ያግዳል። ኮሌጅ ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ለፌደራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤት የሚባለው ደግሞ፣ እንደ ደንቡ፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ነው። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ፈተና ይመጣል፣ ሰመር ይገባል፣ ቀኑ ያልፋል።

ስለዚህ አጭር ቅጽ አዘጋጀን። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ነገር ቃል በቃል፣ ማን አየ። "ምን ተሰማህ?" የሚል ጥያቄ የለውም። አስተዳዳሪዎች ስለ ስሜት ሲወያዩ ቢውሉ አይሰለቻቸውም፤ ሰዓትና ቦታ ሲጠቀስላቸው ነው ወንበሩ የሚቆረቁራቸው። ቅጾቹን ደርድረን ስናይ የመታወቂያው ነገር በአንድ በርና በአንድ ፈረቃ ላይ በዝቶ ተገኘ። ጥያቄያችን ጠበበ፦ ማታ የሚገባ ሁሉ መታወቂያ ያሳይ፣ አለዚያ ማንም አይጠየቅ። ብዙ ሳይቆይ ተፈቀደ።

ሐበሻውን ማምጣት ግን ፈተና ነበር። "እኛ እኮ ሐበሻ ነን፣ ጣጣው የእነሱ ነው" የሚል አይጠፋም። ጥበቃው ሲያስቆምህ አገርህን ጠይቆ ነው እንዴ? እናቴ ደግሞ "አርፈሽ ተማሪ" ባይ ናት። አልፈርድባትም፤ በእሷ ጊዜ ፖለቲካ የነካ ተማሪ ምን እንደደረሰበት አይታለች። ስለ ዶክተር መላኩ በያን አወራኋት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጥቁሮቹ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፣ ጣሊያን ሲወረን ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር እርዳታ ያሰባሰቡ፣ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን ያቋቋሙ ሰው ናቸው። ዝም ብላ ሰማችኝና "ትምህርታቸውን ጨርሰዋል ወይ?" አለች። ጨርሰዋል አልኳት። ከዚያ በኋላ ለስብሰባችን ዳቦ ትጋግርልን ጀመር።

ዳቦው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከሁሉ የሠራው የማታ ጥናት ነው። ኬሚስትሪና ካልኩለስ ያለፉ ልጆች አንደኛ ዓመቶችን ያስጠናሉ፣ የትኛው አማካሪ እንደሚረዳ ይነግራሉ፣ ፋፍሳ የሚባለውን የፌደራል የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ያስሞላሉ። "ዘረኝነት ደርሶብኛል" ብሎ ቢሮ የማይሄድ ልጅ እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ እየበላ ያወጋዋል። ቅጹም ብዙ ጊዜ የሚሞላው እዚያው ነው።

ቴክሳስ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የዲይቨርሲቲ ቢሮዎችን፣ ማለትም ከተለያየ ዘርና አመጣጥ የመጡ ተማሪዎችን የሚደግፉትን፣ በሕግ አስዘግታለች። እዚያ የምትማር የአክስቴ ልጅ "አሁን ወዴት ይኬዳል?" ብላ ደወለችልኝ። ቢሮው ቢዘጋም ርዕስ ስድስት እዚያም ይሠራል። ቅጹን ላክሁላት፣ መጀመሪያ ግን የሚያስጠኑ ልጆች ፈልጊ አልኳት።