የእናቴ መርሳትና የታይሮይድ ዕጢ

ባሕር ዳር በሚያዝያ ትነድዳለች። ሰው ነፋስ ፍለጋ ወደ ጣና ዳር ሲወርድ እናቴ ጋቢ ደርባ ምድጃ ሥር ትቀመጥ ነበር። በዚያው ሰሞን ቡና አፍልታ አቦሉን ሳንጠጣ «በረካው ነው፤ መርቁ» አለችን። ጎረቤት «ጃጅታለች» ብሎ ደመደመ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ጋቢው ነበር። መርሳት ሰው አያስበርድም።

ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችን በፊት በሰውነቷ ላይ የተለወጠውን ሁሉ ጻፍኩ፦ ድምፅዋ ጎርንኗል፣ ቆዳዋ ደርቋል፣ ፊቷ አባብጧል፣ የሆድ ድርቀት ይዟታል፣ ስትጠየቅ መልሱ ይዘገያል። ስለ መርሳቷ ብቻ ብናወራ ኖሮ ጨዋታው እዚያው እርጅና ላይ ያበቃ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ የሚያይ የደም ምርመራ አዘዘ። ቲኤስኤች ከፍ፣ ታይሮይድ የሚያመነጨው ሆርሞን ቲ4 ዝቅ ብሎ መጣ። ቲኤስኤች አንጎል ሥር ያለች ዕጢ ታይሮይድን ለማሠራት የምትልከው ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙ በዝቶ ሆርሞኑ ካነሰ ታይሮይድ ደክሟል ማለት ነው። ያኔ ልብም አንጀትም አእምሮም ይዘገያል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 በዚህ የሆርሞን እጥረት አእምሯቸው የታወከ 14 ሕሙማንን ታሪክ ጽፏል፤ አብዛኞቹም በሕክምና ተሽሏቸዋል። እኛ ዘንድ ታይሮይድ ሲባል የሚታሰበው እንቅርት ነው፤ የእናቴ አንገት ግን ምንም አልነበረበትም።

የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው እንክብል፣ ሌቮታይሮክሲን ታዘዘላት። ለአረጋውያን ልብ እንዳይጨነቅ በትንሹ፣ ብዙ ጊዜም በ25 ማይክሮግራም ይጀመራል። በባዶ ሆድ በውሃ ተውጦ ከምግብም ከቡናም በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ የብረትና የካልሲየም እንክብል ደግሞ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል። በጎጃም ቤት የጠዋት ቡና ማዘግየት! መድኃኒቱን ዳዊቷ አጠገብ አስቀመጥነው፤ ለጸሎት ስትነሣ ትውጠዋለች፣ ደግማ እስክትጨርስ ሰዓቱ ይሞላል። ለጾሙ የንስሐ አባቷ ፈቀዱላት።

ወንድሜ መጠኑ ቶሎ ይጨመር ብሎ ነበር። መጠኑ ግን ደሙ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ታይቶ ነው የሚስተካከለው፤ ከልክ ካለፈ የልብ ምት ያዛባል፣ አጥንት ያሳሳል። መጀመሪያ ጋቢው ወለቀ፣ ድምፅዋ ጠራ፣ አእምሮዋ መጨረሻ ላይ መጣ። የልጅ ልጆቿን ስም አሁንም ታቀያይራለች፤ ያ ግን ድሮም ነበረ።

ጎረቤታችን ይህን አይተው አባታቸውን አስመረመሩ። ታይሮይዱም፣ ሲያንስ መርሳት የሚያመጣው ቫይታሚን ቢ12ም ደህና ሆነ። አብዛኛው የመርሳት በሽታ በእንክብል የሚመለስ አይደለም፤ የአባታቸውም እንደዚያው ነበር። ሐኪሙ ይህን ካወቀ በኋላ ወደ ደም ግፊታቸው አለፈ።