በራሳቸው የሚሠሩ የካርታ ትሪኮች፦ ከመጽሐፍ ስማር እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ሰዎች። የመጫወቻ ካርታ ትሪክ ከመጽሐፍ እየተማርኩ ነው፣ ያውም የእጅ ቅልጥፍና የማይጠይቀውን ዓይነት። ካርታ መዳፍ ውስጥ መሸሸግ የለም፣ ከሥር መሳብ የለም፣ ሁለት ካርታ እንደ አንድ አስመስሎ መግለጥ የለም። ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ ሒሳቡ ራሱ ካርታውን ቦታው ያደርሰዋል። "ይሄማ የሕፃን ነው" ብለው የሚንቁት አሉ። አትስሟቸው። እጃችሁ ሥራ ሲፈታ አፋችሁና ዓይናችሁ ናቸው ሥራውን የሚይዙት፣ እሱ ደግሞ የዋዛ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ መጽሐፎቹ። የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ብዙ ትሪክ አጭቆ ነው የሚመጣው። ካርል ፉልቭስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተመው፣ ለጀማሪ ሁሉ የሚጠቆመው መጽሐፍ ብቻ 72 ትሪክ አለው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እወጣዋለሁ ካላችሁ ትሰለቻላችሁ፣ ሁሉም ተደበላልቆባችሁም ያርፋል። እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ተመልካቹ የሚያየውን ክፍል ብቻ አነባለሁ፣ አሠራሩን በእጄ እሸፍነዋለሁ። ከዚያ ለጓደኛ እንደማወራ ሆኜ ባጭሩ ልናገረው እሞክራለሁ። "ካርታ መረጠ፣ ራሱ በወዘ፣ እኔ ሳልነካ አገኘሁት።" ይሄ ይሰማል። "ካርታውን ለአራት ከፈለ፣ ከሁለተኛው ሦስት አንስቶ አንደኛው ላይ ጨመረ፣ የቀረውን ቆጥሮ ለሁለት አካፈለ..." ይሄን ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል? እዘለዋለሁ። በዚህ ወንፊት የሚያልፈው ጥቂት ነው። ጥቂት ደግሞ ይበቃል።

ሌላው፣ ካርታ ሳትይዙ አታንቡ። አንዲት ትንሽ ነገር አለች፣ ብዙ ሰው የምትጥል። ካርታ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስታወርዱ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የወረደው ከሥር ይሆናል። ቆጥራችሁ በአንዴ ብድግ ካደረጋችሁት ግን እንደነበረ ይቀራል። መጽሐፉ "አሥር ካርታ ቁጠር" ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አንዳንዴ አይለይም፣ የትሪኩ ነፍስ ግን እዚያች ላይ ነው ያለችው። ስለዚህ አዲስ ትሪክ ስጀምር አንዱን ዓይነት ካርታ ከትንሹ እስከ ትልቁ በተርታ ደርድሬ፣ ፊታቸው እየታየ ነው የምሠራው። የትኛው ካርታ ወዴት እንደሄደ በዓይን ይታያል፣ ግምት የለም።

ይሄን የምታሳይ አንዲት ትሪክ ልንገራችሁ፣ ለጀማሪ ከሷ የሚቀል አላገኘሁም። ካርታው ተደፍቶ ሳለ ከላይ ዘጠነኛው ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። የልብ ንጉሥ ነው እንበል። ስሙን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አጥፉት፣ ሁሉም ሰው እያየው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ተመልካቹን ከ10 እስከ 19 ባለው ውስጥ አንድ ቁጥር ጥራ በሉት። 16 አለ። አሥራ ስድስት ካርታ አንድ በአንድ ያውርድ። አሁን የቁጥሩን ሁለት አሃዞች ይደምር፣ 1 እና 6፣ ሰባት። ካወረደው ክምር ላይ ሰባት ካርታ መልሶ ያንሳ። በቀረው ክምር ላይ ከላይ ያለው የልብ ንጉሥ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ከ10 እስከ 19 ካለው ከየትኛውም ቁጥር ላይ የአሃዞቹን ድምር ስትቀንሱ ሁልጊዜ 9 ይቀራል። ከ16 ላይ 7፣ ዘጠኝ። ከ12 ላይ 3፣ ዘጠኝ። ስለዚህ ሁሌም ዘጠኝ ካርታ ነው ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው፣ አንድ በአንድ ስለወረዱም ዘጠነኛው ከላይ ይሆናል። ሰውየው መረጥኩ ብሎ ያስባል እንጂ ምንም አልመረጠም። ቸኩላችሁ "ከ10 እስከ 20" ካላችሁ ግን ነገር ፍለጋ የመጣ አንድ ሰው አይጠፋምና 20 ይላችኋል። ከ20 ላይ 2፣ አሥራ ስምንት። አለቀ። አሠራሩ የገባው ሰው "እስከ 19" የምትለዋ ቃል ለምን እንደተቀመጠች ያውቃል፣ በቃሉ የሸመደደ ግን አያውቅም።

ለዚህ ነው አሁን ማንኛውንም ትሪክ ለምን እንደሚሠራ ሳላውቅ ሰው ፊት የማላወጣው። የ21 ካርታዋን ትሪክ እንኳ በዚህ ዓይን ሳያት ሌላ ሆነችብኝ። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ መሰለኝ። ሰውየው አንድ ካርታ በልቡ ይይዛል፣ በየረድፉ ሦስት ሦስት እያደረጉ መደርደር፣ ሦስት ዓምድ ሰባት ሰባት ካርታ፣ "ካርታህ የትኛው ውስጥ ነው?"፣ የጠቆመውን መሃል አስገብቶ መሰብሰብ፣ እንደገና መደርደር፣ እንደገና፣ በመጨረሻ አሥራ አንድ ቆጥሮ ማውጣት። የተሰለቸች ናት። ሳያት ያዛጋኝ ነበር።

ወረቀት ላይ ስትሠሯት ግን እንዲህ ናት። የተጠቆመው ዓምድ መሃል ሲገባ ካርታው ከ8ኛ እስከ 14ኛ ባለው ቦታ ይሆናል። ሁለተኛ ስትደረድሩ እነዚያ ሰባቱ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ባሉት ረድፎች ላይ ይወድቃሉ። የተጠቆመው እንደገና መሃል ሲገባ የሚቀሩት ቦታዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 10ኛ፣ 11ኛ፣ 12ኛ። ሦስተኛ ስትደረድሩ እነዚህ ሦስቱ አራተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ በየዓምዱ አንድ። እንግዲህ ሰውየው ለሦስተኛ ጊዜ ጣቱን ሲቀስር ካርታውን አወቃችሁት ማለት ነው፤ የዚያ ዓምድ መሃለኛው ነው። መቁጠር የለ፣ ምን የለ። እኔ እዚያው ላይ ሰብስቤ ለራሱ እሰጠዋለሁ፣ ከቀሩት ካርታዎች ጋር ቀላቅሎ እንደፈለገ ይበውዘው። የድሮዋን ትሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ነው ፊቱ የሚለዋወጠው። አሥራ አንደኛዋን ሲጠብቅ ካርታው ተበወዘበት። ከዚያ በኋላ እንዴት ማውጣት እንዳለባችሁ የእናንተ ጉዳይ ነው፣ ካርታውን ታውቁታላችሁ።

ካርታዎቹ 27 ሲሆኑ ደግሞ ነገሩ ይጣፍጣል። ይሄን ጀርጎን የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ስለጻፈበት በስሙ ይጠራል። ሰውየው ካርታ ይመርጣል፣ ከ1 እስከ 27 የሚወደውን ቁጥርም ይጠራል። ሦስት ጊዜ በሦስት ክምር ከደረደራችሁ በኋላ ካርታው እዚያው ቁጥር ላይ ይገኛል። ሚስጥሩ ከቁጥሩ አንድ ቀንሳችሁ በ9፣ በ3 እና በ1 መበተን ነው። 20 ካለ 19 ይሆናል። 19 ውስጥ ሁለት 9፣ ዜሮ 3፣ አንድ 1 አለ። ከትንሹ ጀምራችሁ ታነቡታላችሁ፦ አንድ፣ ዜሮ፣ ሁለት። ዜሮ ሲሆን የተጠቆመው ክምር ከላይ፣ አንድ ሲሆን መሃል፣ ሁለት ሲሆን ከሥር ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ መሃል፣ ቀጥሎ ከላይ፣ በመጨረሻ ከሥር። ካርታዎቹን ፊታቸው እየታየ፣ ወደ ተመልካቹ እየደራረባችሁ ነው የምትደረድሩት፣ ሰብስባችሁ ስትደፏቸው መጀመሪያ የወረደው ከላይ እንዲሆን። ሒሳቡን በጭንቅላት ስሠራ ዝም እንዳልል አንድ ወሬ አዘጋጅቻለሁ። ዝም ብሎ ጣሪያ የሚያይ ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል።

እስካሁን ካገኘኋቸው ሁሉ የምወደው ግን የጊልብሬዝ መርህ የሚባለው ነው። ኖርማን ጊልብሬዝ እ.ኤ.አ. በ1958 የማጂክ ሰዎች በሚያነቡት መጽሔት ላይ ነው ያወጣው። ካርታውን አስቀድማችሁ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር እያላችሁ ደርድሩት። ለተመልካቹ ስጡት። ከላይ የፈለገውን ያህል አንድ በአንድ ያውርድ፣ ሲለው ያቁም። አሁን ሁለት ክምር አለ። ሁለቱን እርስ በርስ አግብቶ አንዴ ይበውዝ። ደንበኛ አበዋወዝ ባይችል ጫፍና ጫፉን ገፍቶ ያስገባው፣ እንዳመጣለት ይሁን። ካርታውን ወስዳችሁ ከላይ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ስታወጡ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ቀይ አንድ ጥቁር ነው። እስከ መጨረሻው።

ይሄ መጀመሪያ ሲያዩት የማይታመን ነው፣ ምክንያቱን ሲያዩት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ካወረደ በኋላ የሁለቱ ክምሮች የላይኛ ካርታዎች ቀለማቸው ይለያያል፤ አንዱ ቀይ ከሆነ ሌላው ጥቁር ነው። ተበውዞ ከላይ የመጣው ካርታ ከአንዱ ክምር ቀይ ነው እንበል። ከዚያው ክምር ቀጥሎ ያለው ጥቁር ነው። የሌላው ክምር የላይኛም ጥቁር ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ካርታ ከየትም ይምጣ ጥቁር ይሆናል። ጥንዱ ሲወጣ የሁለቱ ክምሮች ጫፍ እንደገና የተለያየ ቀለም ነው፣ ነገሩ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሰውየው በወዝኩት ይላል፣ እውነትም በውዟል፣ ግን አላመለጠም። ሁለተኛ ጊዜ ካስበወዛችሁት ይፈርሳል። ዴቭ ቤየርና ፐርሲ ዲያኮኒስ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት 52 ካርታ በደንብ እንዲደባለቅ እንዲህ ሁለት ክምር እርስ በርስ እያገቡ ሰባት ጊዜ ያህል መበወዝ እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል። አንድ ጊዜ ስንበውዝ አሮጌው ቅደም ተከተል ውስጡ ተደብቆ ይቀራል ማለት ነው፣ ጊልብሬዝ የተጠቀመው በዚያ ነው። በነገራችን ላይ ዲያኮኒስ የሒሳብ ፕሮፌሰር ከመሆኑ በፊት በ14 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ዳይ ቨርነን ከተባለው የካርታ ጌታ ጋር የዞረ ሰው ነው። ያስቀናል።

ይሄን ስሠራ ጥንዶቹን ከጠረጴዛ ሥር ነው የማወጣቸው፣ "በጣቴ ቀለም እለያለሁ" እያልኩ። አንዳንዴ ትንሽ እዘገያለሁ፣ አንዱን ካርታ እንደማሸት አደርጋለሁ፣ "ይሄኛው አስቸገረኝ" እላለሁ። በእርግጥ ምንም የሚያስቸግር ነገር የለም፣ ጣቴ ከላይ ሁለት ካርታ ከማንሳት ሌላ ሥራ የለውም። ሰው የሚያስታውሰው ግን ያቺን መዘግየት ነው።

አሁን ስለ አቀራረብ። የነዚህ ትሪኮች ትልቁ ችግር ቆጠራ ነው። ካርታ እየወረደ ሰው ሰዓቱን ማየት ከጀመረ ነገሩ ሞቷል። ለያንዳንዱ ቆጠራ ምክንያት ስጡት። "16 ካርታ አውርድ" ከማለት "ቁጥሩን አንተ ነህ የጠራኸው፣ እኔ አልነካም፣ አንተው አውርድ" ማለት ይሻላል። እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፣ በእውነት አትንኩ። የእጅ ቅልጥፍና የሚሠራ ሰው ይሄን ማለት አይችልም፣ እናንተ ግን ትችላላችሁ። ያላችሁ ትልቁ ሀብት እሱ ነው፣ አውጡትና ተጠቀሙበት።

ትሪኩን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ተመልካቹ ነው። ሁለት ካርታ ተጣብቆ ይወርድለታል፣ ወይም እያወራ ቆጠራው ይጠፋበታል። ጮክ ብሎ እንዲቆጥር አድርጉ፣ ሌሎቹም አብረውት ይቆጥሩ። ካርታችሁ ሙሉ መሆኑንም ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ሁለት ቀይ የጎደለው ካርታ ለጊልብሬዝ አይሆንም። "ይሄ ተራ ካርታ ነው" አትበሉ፣ ማን ጠየቃችሁ? ሰውን ጥርጣሬ ታስተምሩታላችሁ። "ድገመው" ሲሏችሁም አትድገሙ። ሌላ አሳዩ።

አሁን የያዝኩት ፖል ከሪ እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣውን ትሪክ ነው። ተመልካቹ የካርታውን ፊት ሳያይ በስሜቱ ብቻ ቀይና ጥቁር ይለያል፣ ሲገለጥ ሁሉንም በትክክል ለይቶታል። ብዙዎች ከካርታ ትሪኮች ሁሉ አንደኛ ይሉታል፣ እኔም አልከራከርም። አሠራሩን እዚህ አልዘረግፈውም፣ አንብባችሁ ስትደርሱበት ያለውን ደስታ አልነጥቃችሁም። ከባዱ ነገር አሠራሩ እንዳልሆነ ግን ልንገራችሁ። መሃል ላይ አንድ ለውጥ ማድረግ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፣ ለዚያ ለውጥ ምክንያት የምትሰጠዋ ዓረፍተ ነገር ናት የምታስጨንቀው። መጽሐፉ አንድ አባባል ያቀርባል፣ እኔ አፍ ላይ ሲገባ ግን የተጠና ይመስላል። "ደከመህ መሰለኝ፣ እንቀያይር" የሚለውን እየሞከርኩ ነው፣ እስካሁን ከሌሎቹ የተሻለው እሱ ነው። እናንተ በምን እንደምታልፏት ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። የ27ቱን ሒሳብ ከኔ ባነሰ ጭንቀት በጭንቅላቱ የሚሠራ ካለም መላውን ያካፍለኝ።