ያወጣኝ ከድራሙ አይደለም

ምስክርነት ስጥ ስባል ሰዎች የሚጠብቁትን አውቀዋለሁ። «ሮክ ስመታ ሰይጣን ይዞኝ ነበር» እንድል ነው። አልልም። ጌታ ያወጣኝ ከጫት ነው። ድራሙን ዛሬም እመታለሁ። ሁለቱ ነገር እየተደባለቀ ስላስቸገረኝ እንደሆነው ልናገረው።

ባንዱን የጀመርነው በ1999 ዓ.ም. ነው። አገሩ ሁሉ ስለ ሚሊኒየሙ የሚያወራበት ጊዜ። አምስት ልጆች ነበርን። ልምምዳችን ካዛንቺስ፣ የቤዝ ተጫዋቻችን አያት ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነው። ድምፅ ይቀንሳል ብለን ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ሸፈንነው። አንድም ድምፅ አልቀነሰም። መስኮቷን ስለደፈንናት ጨለማ ብቻ ተረፈን። ጎረቤት ያሉ አንዲት እናት በሩን እየደበደቡ «ልጆቼ፣ ሰው ሞቶባችሁ ነው?» ይሉን ነበር።

ድራሙ ከተበተነ የሆቴል ባንድ የተገዛ ነው። ስንተኛ እጅ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። የኪኩ ፔዳል ስፕሪንግ ስለሌለው በካላማዳሪ አስሬዋለሁ። የስኔሩ ቆዳ በፕላስተር ተለጥፏል። አንደኛው ሲምባል ተሰንጥቆ የድስት ክዳን መስሏል፤ ድምፁም የድስት ክዳን ነው። ወደድኩት ግን። እስከ ዛሬ እንደዚያ የወደድኩት ድራም የለም።

ሥራ ፍለጋ ስንሄድ ሆቴል ቤቶቹ «ችክችካ የላችሁም?» ይሉናል። እንጀራ ነውና ችክችካም መታን። አንድ ቀን ጊታሪስታችን የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ፈረንጆቹ ሮክና ብሉዝ ላይ ከሚጫወቱበት ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት፣ ከሜጀር ፔንታቶኒክ ጋር አንድ መሆናቸው በራለት። ጊታሩን እንደያዘ ከክፍሏ ወጥቶ ግቢውን ዞረው። ከዚያ ወዲያ ትዝታን በዲስቶርሽን፣ በሚሻክረው የሮክ ጊታር ድምፅ፣ መጫወት ጀመርን። የጠጣ ሰው ያለቅሳል፣ ያልጠጣው ይስቃል።

በ2001 ደግሞ መብራት በፈረቃ ሆነ። ልምምድ መሀል ድርግም ይላል። ጊታሩ ይሞታል፣ ቤዙ ይሞታል፣ ኪቦርዱ ይሞታል። የማልሞተው እኔ ብቻ ነኝ። በጨለማ እየመታሁ እቀጥላለሁ፣ ልጆቹ ደግሞ በአፋቸው ያዜማሉ። ከባንዱ ዘመን በጣም የሚናፍቀኝ ይሄ ነው።

ጫቱ በዚህ ሁሉ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ከዚያ በየቀኑ ከምሳ በኋላ በርጫ፣ ማታ ሥራ፣ ሌሊት ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ፣ ጨብሲ። ሌሎቹም ይቅማሉ፤ ግን ሲበቃቸው ይበቃቸዋል። እኔ ካልቃምኩ የድራም ዱላ መያዝ ያቅተኝ ጀመር። ምርቃና ላይ ሆኜ ደግሞ በዓለም ላይ እንደ እኔ የሚመታ የለም ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የነቃብኝ ቤዝ ተጫዋቹ ነው። ቤዝና ድራም ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ሲያመሽ ሌላው ያውቃል። «እየሮጥክ ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ «አንተ ነህ የምትጎተተው» እለዋለሁ። ቀላል አልተጨቃጨቅንም። በኋላ እንደገባኝ፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚሠራው እንደ አምፌታሚን ነው። ልብን ያስሮጣል። ድራመር ደግሞ የሚቆጥረው በውስጡ ነው። ልቡ ከሮጠ ዘፈኑም አብሮ ይሮጣል።

በ2003 ስቱዲዮ ገባን። በጆሮዬ ክሊክ፣ ፍጥነት የሚያስጠብቅ የማሽን ምት፣ ተደረገልኝ፤ በደቂቃ 92 ምት። እንዲህ ያለ ዝግተኛ ዘፈን ማንም ጀማሪ ይመታዋል። እኔ ግን ሁለተኛው አዝማች ላይ ክሊኩን ጥዬው ሄጃለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርን። በመጨረሻ ድምፅ ቀራጩ ማይኩን ከፍቶ በትሕትና «ወንድሜ፣ ክሊኩ እኮ አንተን አይከተልም» አለኝ። ድራሙ በኪቦርድ ተሠራ። እኔ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ማሽን ቦታዬን ሲወስድ ሰማሁ።

የዚያን ሳምንት ጫት ተውኩ። ሦስት ቀን ቆየሁ። ሞክሮ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደተመለስኩ ያውቃል፤ ዱካክ ነው። ዓይኔን ስከድን ፊት የሌለው ሰው ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ልጮህ እፈልጋለሁ፣ ድምፅ የለኝም። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ሦስተኛ ሞከርኩ። ሁልጊዜ በሦስተኛው ሌሊት ያሸንፈኝና ጠዋት ጫት ተራ እገኛለሁ።

አራተኛው ሙከራ በ2004 ክረምት ነው። በሦስተኛው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በላብ ተነክሬ ተነሳሁ። እማዬ ሳሎን ምንጣፏ ላይ ተንበርክካለች። በየረቡዑ ትጾምልኛለች፤ እኔ ደግሞ «እኔን እያሳጣሽ ነው» ብዬ እቆጣት ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ እኔ መጸለይ አልችልም» አልኳት።

«ታዲያ አትጸልይ። እንቅልፍ ብቻ ለምነው።»

«ጌታ ሆይ፣ ዛሬን አስተኛኝ» አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። ነጠላዋን ጣለችብኝ። ስነቃ ረፋድ 5 ሰዓት ሆኗል። ምንጣፉ ላይ ነኝ፣ እሷ ሥራ ሄዳለች። ዱካክ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም።

አልወደቅሁም፣ አልጮኽኩም፣ እጁን የጫነብኝ ነቢይም የለም። ሐኪም ወዳጄ «ሰውነትህ ጠርቶ ነው» ይለኛል። ይሁን። በሦስቱ ሙከራ ግን በዚያው በሦስተኛው ሌሊት አልጠራም። እኔ የለመንኩት እንቅልፍ ነው፣ የተሰጠኝም እንቅልፍ ነው። ይህን ለማን ብዬ ልካድ?

አምሮቱ በአንዴ አልጠፋም፤ አልዋሽም። ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ጫት ቤቶቹን ላለማየት ሁለት ታክሲ እየቀያየርኩ ዞሬ እገባ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስጀምር አንድ ወንድም ዱላዎቼን እንዳቃጥል መከረኝ። ወደ ቤት ወስጄ አልጋዬ ሥር ደበቅኳቸው። እግዚአብሔር ያላለኝን ለምን አቃጥላለሁ? ከአንድ ዓመት በኋላ የአጥቢያችን ድራመር ሲታመም «የሚችል አለ?» ተባለ። እማዬ ከኋላ ወንበር ሆና እጇን አወጣች፤ በእኔ ፈንታ።

ባንዱ ግን አልተረፈም። ለእሱም ጸልዬ ነበር፤ አልተመለሰልኝም። ድምፃዊው ዱባይ ነው። ጊታሪስቱ ቨርጂኒያ ገብቶ መኪና ይነዳል። ኪቦርዲስቱ የት እንዳለ አናውቅም። ያቺ የቆርቆሮ ክፍልም በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ አብራ ሄደች።

ጊታሪስቱ ለገና መጥቶ ነበር። ቤዝ ተጫዋቹን ጠራነውና ሦስታችን እኛ አጥቢያ አዳራሽ ገባን። ያንኑ የስቱዲዮውን ዘፈን ጀመርን። ሁለተኛው አዝማች ጋ ስንደርስ መብራት ድርግም አለ። ጊታሩ ሞተ፣ ቤዙ ሞተ። እኔ ቀጠልኩ። እነሱም እንደ ድሯቸው በአፋቸው ያዙት። ቤዝ ተጫዋቹ በጨለማው ስልኩን አውጥቶ ምቴን መለካት ጀመረ። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲያርፍ አየሁት።

«ስንት ይላል?» አልኩት እየመታሁ።

«93።»

«አንድ ጨመርኩ ማለት ነው።»

«እሷን ተዋት፣ የኔ ናት» አለኝ።