ኮምጣጣ ቡና በእንግሊዝኛ፦ ቃልን ከነቦታው ስለ ማጥናት

ቡና ቀምሶ ደረጃ የሚያወጣ ባለሙያ በቅጹ ላይ ለ«አሲዲቲ» ከፍ ያለ ነጥብ ከሰጠ ቡናውን እያመሰገነ ነው። «ሳወር» ብሎ ከጻፈ ግን ጉድለት መመዝገቡ ነው። ሁለቱን ቃላት በእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ብትፈልጓቸው ሁለቱም ያው ወደ ኮምጣጣነት ይወስዷችኋል። «ፍሩቲ» እና «ፈርመንትድ»ም እንደዚያው ናቸው። በጀንፈል መልክ በፀሐይ የደረቀ ቡና ላይ የመጀመሪያው ሙገሳ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ እሸቱ ሳይሰጣ ተከምሮ መቆየቱን ያሳብቃል። ጅማ ውስጥ ከቡና ጋር የሚሠራ ሰው ይህን ልዩነት ያለ አስተማሪ ይይዘዋል፤ ቃሉን የሰማው ከቡናው ጋር ነዋ።

እንግሊዝኛቸው ከመካከለኛ ደረጃ አልፎ የቆመባቸው ሰዎች የሚያነሱት ችግር በአብዛኛው «ቃል አነሰኝ» የሚል ነው። ደብተራቸው ሲገለጥ ግን በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ቃል እየተደረደረ ገጾች ሞልተዋል። ያነሰው ቃል አይደለም። የጎደለው ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ የት እንደማይገባና ምን ስሜት ይዞ እንደሚመጣ ማወቅ ነው።

የጤና ተማሪዎችን ጽሑፍ እንይ። አንድ ተማሪ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ ስላለው ወባ ሲጽፍ አካባቢው በወባ «ፌመስ» ነው ይላል። በአማርኛ «በወባ የታወቀ» ማለት ምንም አይደል፤ ፌመስ ግን የመልካም ዝና ቃል ነው። ቀጥሎ «ኖቶሪየስ»ን ያገኛል። ይህ ክፉ ዝናን በትክክል ይይዛል፣ ነገር ግን የወቀሳ ድምፅ ስላለው ለጥናት ወረቀት አይስማማም። የሚፈለገው ስሜት የሌለበት «ፕሪቫለንት» ነው። እዚህ ደርሶም ሌላ ወጥመድ አለ። 1000 ሰው ያለበት ቀበሌ እንበል፤ ምርመራ በተደረገበት ቀን 50ው ወባ ተገኘባቸው። ይህ «ፕሪቫለንስ» ነው፣ 5 በመቶ። ነፃ ከነበሩት 950 ሰዎች ውስጥ በቀጣዩ ወር 30ው አዲስ ከታመሙ ያ «ኢንሲደንስ» ነው። በአማርኛ ሁለቱንም «ስርጭት» ብሎ የያዘ ተማሪ ሠንጠረዡን በትክክል ሠርቶ ርዕሱን ሊሳሳት ይችላል። «ሲግኒፊካንት»ንም ስታቲስቲካዊ ፈተና ካልተሠራ በቀር በጥናት ወረቀት ውስጥ ባይነኩት ይሻላል። አንድ የዳሰሳ ጥናትም ምንም ነገር «ፕሩቭ» አያደርግም፤ «ሰጀስት» ወይም «ኢንዲኬት» ያደርጋል እንጂ።

አሁን ወደ ባዶ ቦታ ሙሉ። ይህ መልመጃ ለፈተና ብቻ የሚሠራ ይመስላል፤ በአግባቡ ከተሠራ ግን ለቃል ትምህርት ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ዓረፍተ ነገሩ በአማርኛ ሲነገር ይህ ነው እንበል፦ «ገበሬው መጀመሪያ ላይ 74110 የተባለውን የቡና ዝርያ ____ ቢሆንም፣ ኋላ ግማሽ ሄክታር ላይ ተከለው።» ዝርያው ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ነው። በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገሩ የሚጀምረው በ«ኦልዞው» ሲሆን ከባዶው ቀጥሎ «ኦቭ» አለ። ምርጫዎቹ ኮንቪንስድ፣ አቨርስ፣ ስኬፕቲካል እና ኢንዲፈረንት ናቸው።

መጀመሪያ ምርጫዎቹን በእጅ ሸፍኑ። ባዶውን በራሳችሁ ቃል፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ሙሉት፤ «አላመነበትም» ብትሉ በቂ ነው። ምርጫዎቹን ቀድሞ ያየ ሰው አራቱም ትክክል መስለው ይታዩታል፤ ብዙ ነጥብ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ አቅጣጫ የሚያሳዩትን ቃላት አስምሩባቸው፦ ኦልዞው፣ አት ፈርስት፣ ሌተር። ሦስቱም የመጀመሪያው ሐሳብ ከመጨረሻው ጋር እንደሚጋጭ ይናገራሉ። ስለዚህ ኮንቪንስድ ወደቀ፤ አምኖበት ከነበረና ከተከለው ግጭቱ የት አለ? የቀሩት ሦስቱ በቃል ዝርዝር ደብተር ውስጥ ሁሉም «አልፈለገም» ወደሚል ይጠጋሉ። የሚለያቸው ያቺ ትንሽ «ኦቭ» ናት። አቨርስም ኢንዲፈረንትም «ቱ»ን ነው የሚያስከትሉት፤ ስለዚህ ስኬፕቲካል ብቻ ይቀራል።

ብዙዎች መልሱን ካገኙ በኋላ ያልፋሉ፣ ትልቁ ትምህርት ግን ገና ነው። «ኦቭ» በ«ቱ» ቢተካስ? ያኔ ስኬፕቲካል ይወጣና ፉክክሩ በሁለቱ መካከል ይሆናል። ኢንዲፈረንት ግድ የለሽ ነው፣ አይቃወምም አይደግፍም። አቨርስ ግን ነገሩን የሚጠላ፣ የሚሸሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከ«ሪስክ» ወይም ከ«ቼንጅ» ጋር ይገኛል። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ዓረፍተ ነገሩ ተጨማሪ ፍንጭ ይፈልጋል፤ ለምሳሌ «ችግኙን በመሬቱ ላይ ማየት እንኳ አይፈልግም ነበር» የሚል። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ትክክል የሚሆንበትን ዓረፍተ ነገር መጻፍ አራት ቃል በአንድ ጥያቄ ያስይዛል።

ከአማርኛ ተሸክመን የምናመጣቸው ስሕተቶች አጭር ናቸው፣ ግን አይለቁም። «ስለ ጉዳዩ ተወያዩ» ስለምንል «ዲስከስ» ላይ «አባውት» እንጨምራለን፤ አያስፈልገውም። «ከእርሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ሜሪ» ላይ «ዊዝ» እንቀጥላለን። ክኒን እንጠጣለን፣ በእንግሊዝኛ ግን «ቴክ» ነው።

በሌላ በኩል አማርኛ ያሠለጠነው ጆሮ ይረዳል። ዝናቧ እንደማይጠፋው ጅማ ባለ ከተማ ካፊያን፣ ዶፍንና እኝኝ ሲል የሚውለውን ዝናብ ማንም አያምታታም፤ «ዶፍ አካፋ» የሚል የለም። «ድሪዝል»፣ «ዳውንፖር» እና «ኢንሰሰንት» በዚያው ጆሮ መያዝ አለባቸው። ኢንሰሰንት እንደ «እኝኝ» ምሬት አለው። ከዝናብ፣ ከጩኸትና ከንዝንዝ ጋር ይሄዳል፤ ለወዳጅ ያልተቋረጠ ድጋፍ ምስጋና ስትጽፉ ካስገባችሁት ግን ሰውየው አሰልቺ እንደነበር ነገራችሁት ማለት ነው።

የትኞቹን ቃላት ማጥናት ይሻላል ለሚል፣ የቋንቋ ተመራማሪዋ ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች በ10 ንዑስ ዝርዝር ተከፍለው ይዟል። የመጀመሪያዎቹ 60ዎቹ በብዛት የሚገኙት ስለሆኑ ከዚያ ጀምሩ። ዝርዝሩን ግን መምረጫ እንጂ ማጥኛ አታድርጉት። ከምታነቡት ጽሑፍ 100 ቃል ቁጠሩ፤ የማታውቁት ከሁለትና ሦስት ከበለጠ ከዐውዱ ትርጉም መገመት ይከብዳል፣ ቀለል ያለ ፈልጉ። በሳምንት ስምንት ቃል ይበቃል። ለእያንዳንዱ ያገኛችሁበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጡ፣ ከሥሩ መስተዋድዱንና አብረውት የሚሄዱትን ሁለት ሦስት ስሞች፣ ሙገሳ ወይም ወቀሳ መያዙን፣ በመጨረሻም አንድ ተፎካካሪ ቃልና እዚያ ለምን እንደማይገባ ጻፉ። እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ የተማሪ መዝገበ ቃላት ተጠቀሙ፤ የሎንግማኑ ፍቺዎቹን በ2000 ገደማ ቀላል ቃላት ስለሚጽፍ አያስቸግርም፣ ኢንተርኔት ላይም በነፃ ይገኛል። ከፍቺው በፊት ምሳሌዎቹን አንብቡ።

ተመሳሳይ ቃላትን በአንድ ቀን አብሮ መሸምደድ ይቅር፤ ይደባለቃሉ። አንዱ በደንብ ከረጋ በኋላ ነው ተፎካካሪው የሚመጣው። ትልቅ ቃል ለትልቅነቱ መሰካትም እንዲሁ። «ፕሌቶራ» ብዙ ብቻ ሳይሆን ከልክ በላይ የበዛ የሚል ጣዕም ስላለው «ብዙ መረጃ ሰብስበናል» በሚል ቦታ ገብቶ ራስን ያስወቅሳል።

ክለሳው በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ይሁን። በገለበጣችሁት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቃሉን ሸፍናችሁ ሙሉት። ሌላ ቃል ከመጣላችሁ ቶሎ አትሰርዙት፤ መስተዋድዱንና ስሜቱን አስተያዩ፣ ከተስማማ እሱንም በተፎካካሪው መስመር ላይ አስገቡት።