በዎርድ ውስጥ ጊዜ ያለው ሰው

የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ በሆስፒታል ዎርድ፣ ማለትም ታካሚዎች በሚተኙበት ክፍል፣ ውስጥ ያለው ቦታ ለሌላ ሰው ለማስረዳት ያስቸግራል። ታካሚዎች «ዶክተር» ብለው ይጠሩናል፤ ነርሶች ገና እንዳልሆንን ያውቃሉ፤ ሬዚደንቶች፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑት ሐኪሞች፣ እንደ ሥራ ባልደረባ ይይዙናል፤ ሲኒየሮች፣ ማለትም የሚመሩን ነባር ሐኪሞች፣ ደግሞ እንደ ተፈታኝ ይመለከቱናል። መድኃኒት በራሳችን ማዘዝ አንችልም፤ በቻርቱ፣ ማለትም በታካሚው የሕክምና መዝገብ፣ ላይ የምንጽፈው ሁሉ የሌላ ሰው ፊርማ ይጠብቃል። ዓመቱ ሲጀመር ይህ ሁኔታ በጣም ያሳስበኝ ነበር፤ አልጋውን ከብበው ከሚቆሙት ሁሉ ያነሰ የማውቀው እኔ ስለሆንሁ በዚያ መቆሜ ለታካሚው ምን ይጠቅመዋል ብዬ እጠይቅ ነበር። ወራት ካለፉ በኋላ ግን ከሁሉም ይልቅ በእኔ እጅ የሚገኝ አንድ ነገር እንዳለ ተገነዘብሁ፤ እርሱም ጊዜ ነው። ይህን አሁን የምጽፈው በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ጊዜ ከእጄ እንደሚወጣ ስለማውቅ ነው።

ቀኑ የሚጀምረው ሐኪሞቹ አብረው ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞሩ ታካሚዎችን ከሚያዩበት ከራውንድ በፊት ነው። የተመደቡልኝን ታካሚዎች እየዞርሁ ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ እጠይቃለሁ፤ የደም ግፊታቸውን፣ የልብ ምታቸውን፣ የትንፋሽ ብዛታቸውን፣ ሙቀታቸውንና የኦክስጅን መጠናቸውን እመዘግባለሁ፤ ያልደረሰ የላቦራቶሪ ውጤት ካለ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ ከዚያም የታካሚውን የዕለት ሁኔታ የሚገልጸውን ማስታወሻ (ፕሮግሬስ ኖት) እጽፋለሁ። ራውንዱ አልጋው ዘንድ ሲደርስ ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ተጠቃሎ ይቀርባል። የቀረው ረፋድ ደም በመቅዳት፣ መድኃኒት የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ (ካኑላ) በደም ሥር በማስገባትና የምርመራ ወረቀት ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል በመመላለስ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ሬዚደንቶቹ ወደ ድንገተኛ ክፍልና ወደ ተመላላሽ ሕክምና ሲበተኑ እኛ ሄደን እንድናጠና ይፈቀድልናል። እኔ ከዓመቱ የተማርሁት ዋናው ነገር የተገኘው ከዚያ ሰዓት ነው፤ መጽሐፉን ትቼ ሳይሆን መጽሐፉን ከማንሣቴ በፊት ወንበር ስቤ ከአንድ ታካሚ አጠገብ በመቀመጥ።

ለምን እንደዚያ እንደማደርግ ለማስረዳት ስለምናጠናው ነገር ትንሽ ልናገር። የመልቀቂያ ፈተናው በአብዛኛው የምርጫ ጥያቄ ነው። በጥያቄው ውስጥ ያለው ታካሚ ዕድሜው፣ ጾታው፣ የሕመሙ ምልክትና የምርመራው ውጤት በአንድ አንቀጽ ተሰድሮ ይቀርባል፤ አንድም ቃል በከንቱ አይጻፍም፤ ስለ ውጭ አገር ጉዞ ከተጠቀሰ ጉዞው መልሱን ይመራል፤ ስለ ቤት እንስሳ ከተጠቀሰ እንስሳው ምክንያት አለው። እውነተኛ ታካሚ ግን ታሪኩን በሕይወቱ ቅደም ተከተል እንጂ በበሽታው ቅደም ተከተል አይናገርም። ከጉልበቱ ሕመም ተነሥቶ ወደ ወንድሙ ሞት ይሻገራል፤ ከዚያ እንቅልፍ እንደራቀው ይናገራል፤ ደረቱን እንደሚያፍነውም የሚነግረን በመጨረሻ ይሆናል። በጥያቄ ወረቀት ብቻ የሠለጠነ ጆሮ ይህን ንግግር እንደ ትርፍ ነገር ይሰማዋል፤ ስለዚህም ያቋርጠዋል።

የማቋረጥ ነገር በጥናትም ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት ሐኪሞች የታካሚዎቻቸውን የመጀመሪያ ንግግር በአማካይ ከ18 ሰከንድ በኋላ እንደሚያቋርጡ አሳይቷል። በ2002 ደግሞ በስዊዘርላንድ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚሠሩ ሐኪሞች ታካሚው በራሱ ፈቃድ እስኪጨርስ ዝም ብለው እንዲያዳምጡ ተደርጎ ጊዜው ሲለካ፣ ታካሚዎቹ በአማካይ የተናገሩት 92 ሰከንድ ብቻ ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ የእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ነው። ታካሚው ከተለቀቀ አያቆምም የሚለው ፍርሃታችን ከአንድ ደቂቃ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ላይ የተመሠረተ ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት 80 አዲስ የተመላላሽ ሕክምና ታካሚዎችን ተከታትሎ፣ ከእነርሱ በ66ቱ ላይ ሐኪሙ ታሪካቸውን ብቻ ሰምቶ የደረሰበት ግምት ከመጨረሻው የበሽታ ውሳኔ ጋር እንደተስማማ አስፍሯል። ከዚያ ወዲህ የምርመራ መሣሪያው እጅግ ተራቋል፤ ይሁን እንጂ የትኛውን ምርመራ ለማን እንደምናዝዝ የሚነግረን ዛሬም የታካሚው ቃል ነው።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ በልብ ድካም የሚሠቃዩ አንዲት እናት ተመደቡልኝ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ። እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ደጋግመው ተኝተዋል፤ በየጊዜው በሚወጡበት ወረቀት ላይም «መድኃኒታቸውን በአግባቡ አይወስዱም» የሚል ተጽፏል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ከመድኃኒቶቹ የሚያስቸግራቸው የትኛው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ቤት በምውልበት ቀን ሁሉንም እውጣለሁ፤ መንገድ ባለብኝ ቀን ግን ያቺን የምታሸናውን እተዋታለሁ» አሉኝ። ያቺ የምታሸና መድኃኒት ፉሮሴማይድ ናት፤ በሰውነት የተጠራቀመውን ውኃ በሽንት ታስወጣለች። ፉሮሴማይድ በአፍ ሲወሰድ ሥራውን የሚጀምረው በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ኃይሉም ስድስት ሰዓት ያህል ይቆያል። ጠዋት ውጦ ከቤት የሚወጣ ሰው መጸዳጃ የት እንደሚያገኝ ካላወቀ ቀኑ በሙሉ ጭንቀት ይሆንበታል። እርሳቸው ደግሞ ከቤት የማይወጡበት ቀን ጥቂት ነበር፤ በሕመም የተኛች እኅታቸውን የሚጠይቁት እርሳቸው ናቸውና። በማግስቱ በራውንድ ላይ ይህን አቀረብሁ። ሲኒየሩ ራሳቸው ደግመው ጠየቋቸውና መንገድ ባለባቸው ቀን ከተመለሱ በኋላ እንዲወስዱት ሰዓቱን አዛወሩላቸው። አዲስ መድኃኒት አልተጨመረም፤ መጠኑም አልተለወጠም። በቻርቱ ላይ የነበረው ዓረፍተ ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ጥያቄው መልስ ያገኘ አስመስሎት ስለነበር ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ይህን ስጽፍ ያን ዓረፍተ ነገር የጻፉትን ሐኪሞች እየወቀስሁ አይደለም። ተረኛ ሬዚደንት ሌሊቱን ሙሉ ሲሮጥ አድሮ፣ በማለዳ ሙሉ ዎርድ ሲጠብቀው አይቻለሁ፤ በዚያ ሰዓት ወንበር ስቦ መቀመጥ ሌላውን ታካሚ ማስጠበቅ ነው። ደግሞም ጊዜ ብቻውን አይበቃም። የመድኃኒቱ ኃይል ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ባላጠና ኖሮ «መንገድ ባለብኝ ቀን» የሚለው ቃል በጆሮዬ አልፎ ይሄድ ነበር። በዚህ ረገድ ጓደኞቼ ከታካሚ ጋር ተቀምጬ የማሳልፈው ሰዓት ከጥናቱ የተሰረቀ ነው ሲሉኝ አልስማማም፤ ያየሁትን ሰው እያሰብሁ የማነበው ገጽ ከሌላው ሁሉ በላይ በአእምሮዬ ይቆያል።

የሌሊት ተረኝነት ለብቻው ሊጻፍለት የሚገባ ነገር ነው። ቀን ዝም ያለ ታካሚ ሌሊት ይናገራል፤ ጠያቂዎች ሄደዋል፣ መብራቱ ደብዝዟል፣ ሐሳቡም ብቻውን አግኝቶታል። የናሙና ምርመራ ውጤት የሚጠባበቁ አንድ አባት ሌሊቱን አስቁመውኝ «ካንሰር ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የመመለስ ሥልጣንም ዕውቀትም የለኝም፤ «አይደለም» ብሎ ማጽናናት ደግሞ በኋላ የሚመጣውን ሐኪም ቃል ማርከስ ነው። ውጤቱ ገና እንዳልመጣ በእውነት ነግሬያቸው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የሚያስጨንቃቸው ሞት አልነበረም፤ ወሬውን ለልጆቻቸው ማን እንደሚነግራቸው ነበር። ይህን በማግስቱ ለሬዚደንቷ አስታወቅሁ፤ ውጤቱ በደረሰ ጊዜም እርሷ ከመናገሯ በፊት ትልቁ ልጃቸው አብሯቸው እንዲቀመጥ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም አዎን አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ይህን ልማድ እንዴት እንደምጠብቀው ከእኛ የቀደሙትን እየጠየቅሁ ነው። አንዷ ሬዚደንት የነገረችኝ ቀላል ነገር ነው፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢኖራትም ቆማ ሳይሆን ተቀምጣ ታሳልፈዋለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ይደግፋል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪማቸው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ያነጋገራቸው ታካሚዎች፣ ቆሞ ካነጋገራቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ አብሯቸው እንደቆየ ገምተዋል፤ በሰዓት ሲለካ ግን የተቀመጠው አልረዘመም። ሌላው የመረጠው መንገድ ከመውጣቱ በፊት «ያልጠየቅሁዎት ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

ቀጣዩ ምድቤ የሕፃናት ክፍል ነው። እስካሁን የተማርሁት ሁሉ ታካሚው ራሱ እንደሚናገር ታሳቢ ያደረገ ነው፤ የስድስት ወር ሕፃን ግን የት እንደሚያመው አይነግረኝም፤ የምሰማው ከእናቱ ወይም ከአባቱ ነው። ከወዲሁ በማንበብ ላይ ሳለሁ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ አገኘሁ፤ በሕፃናት ላይ ከባድ ኢንፌክሽን መኖሩን ከሚያመለክቱት ጠንካራ ምልክቶች መካከል የወላጅ ሥጋትን ይቆጥራል። ስለዚህ «ልጄ ዛሬ እንደ ወትሮው አይደለም» የሚለውን የእናት ቃል ከሙቀቱና ከትንፋሹ ብዛት ጋር በማስታወሻዬ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ወትሮ እንዴት እንደሆነም እጠይቃታለሁ፤ እንዴት እንደሚጠባ፣ እንዴት እንደሚያለቅስ፣ ስትጠራው እንዴት እንደሚዞር።