ዳማን ማን ያሰልጥናት?

ቅዳሜ ማታ ነው። ቤቱ ተኝቷል፤ ውሻችን ዳማም በሩ ሥር ተጠቅልላ ታንኮራፋለች። ከሦስት ሳምንት ማመንታት በኋላ ዛሬ የሥልጠናዋን ገንዘብ ከፈልኩ። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ሳልረሳው ልጻፈው።

ነገሩ የጀመረው በእማዬ ነጠላ ነው። እማዬ ከደሴ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣች አራት ወሯ ነው። የዛሬ ወር፣ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ ዳማ በጭቃ እግሯ ዘልላ ደረቷ ላይ ወጣችባት። ከነጩ ነጠላ ላይ ሁለት መዳፍ ቁልጭ ብሎ ታተመ። እማዬ አልጮኸችም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ነጠላዋን ቀስ ብላ አጠፈችና «ልጄ፣ ወይ እሷን ግራት፣ ወይ ለእኔ ትኬት ቁረጥልኝ» አለችኝ።

ዳማ ክፉ አይደለችም። ከመጠለያ ያመጣናት ክልስ ናት፤ አሥር ወሯ ነው። ስሟን ያገኘችው ከጸጉሯ ቀለም ነው። (እማዬ የፈረስ መልክ ለውሻ ስም መሆኑን እስካሁን አልተቀበለችም።) ችግሯ መዝለልና መጎተት ነው። ገመዷን ይዤ ስወጣ ጎረቤቶቼ ማን ማንን እንደሚያንሸራሽር ግራ ይገባቸዋል።

መጀመሪያ የፈለግሁት ቀላሉን መንገድ ነበር፤ ወስዶ፣ አርሞ የሚመልስልኝ ሰው። ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ አዳሪ ማሰልጠኛ አገኘሁ። ሁለት ሳምንት እዚያው ታድራለች፤ ዋጋው 3,200 ዶላር። ባለቤቱ «ሌላ ውሻ ሆና ትመለሳለች» አለኝና ሊያሳየኝ አንዲት ጥቁር ውሻ ከሜዳው ጫፍ ጠራ። እንደ ጥይት መጣች። ደስ ብሎኝ ላጨበጭብ ስል ግን ጆሮዋን አየሁት፤ ከጭንቅላቷ ጋር ተጣብቋል። ጅራቷን በእግሮቿ መካከል ቀብራለች፤ ከንፈሯን ደጋግማ ትልሳለች። ዓይኔ ወደ ሰውየው እጅ ሄደ። አውራ ጣቱ ትንሽ መቆጣጠሪያ ላይ ነበር፤ በአንገቷም ላይ ሳጥን የመሰለ ማሰሪያ አለ። «ትንሽ ንዝረት ናት» አለ። እስቲ በእኔ ክንድ ላይ ሞክረው ስለው ሳቀ፤ አልሞከረውም።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ሳነብ አደርኩ። ዌልስ ይህን የኤሌክትሪክ ማሰሪያ በ2010 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላለች። የአሜሪካ የእንስሳት ባህሪ ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 ባወጣው መግለጫ በሽልማት ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ብቻ እንዲሰጥ መክሯል። ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው፤ በሜሪላንድ የሰው ጸጉር ለመቁረጥ የግዛቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ውሻ ለማሰልጠን ግን አያስፈልግም። ማንም ተነሥቶ አሰልጣኝ ነኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ የምስክር ወረቀት መጠየቅ የእኔው፣ የውሻዋ ባለቤት፣ ሥራ ነው። ቢያንስ 300 ሰዓት ያሠለጠኑትን ፈትኖ ማረጋገጫ የሚሰጥ ገለልተኛ ምክር ቤት መኖሩን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሰውየውን በማግስቱ ደውዬ ጠየቅሁት። «ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ» አለኝ፤ ስለ ወረቀቱ ግን አልመለሰልኝም።

ከዚያ ማረጋገጫው ያላት አንዲት ሴት የምታስተምርበት የቡድን ክፍል ሄድኩ። ስድስት ሳምንት፣ 210 ዶላር። ውሻ ሳላመጣ ቁጭ ብዬ እንድመለከት ፈቀደችልኝ፤ አዳሪው ቤት ሥልጠናውን ማየት ክልክል ነበር። ስድስት ውሾች፣ ስድስት ባለቤቶች። ሴትዮዋ ሰዓቱ እስኪያልቅ የአንዱንም ውሻ ገመድ አልነካችም። የምታርመው ሰዎቹን ነው። አንድ ጎልማሳ ውሻውን ሰባት ጊዜ «ተቀመጥ» ሲለው ሰምታ «ውሻህ እኮ ትእዛዙ ሰባቱም አንድ ላይ መስሎት ሰባተኛውን እየጠበቀ ነው» አለችው።

ሲያልቅ የዳማን ጉዳይ ነገርኳት። ዋጋ ስጠብቅ ጥያቄ አመጣችብኝ። «የምትዘለው በማን ላይ ነው?» በእናቴ። «ቀን አብራት የምትውለው ማን ናት?» እናቴ። «በእጇ ታበላታለች?» በፍጹም፣ እናቴ ውሻ አትነካም አልኩ። አብሮኝ የመጣው የዘጠኝ ዓመት ልጄ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ አያቴ እኮ ታጎርሳታለች። አንተ ሥራ ስትሄድ። ‹ነይ› ትልና እጇን ከፍ ታደርጋለች፣ ዳማ ዘልላ ትቀበላታለች።»

ሴትዮዋ ሳቀች። «እንግዲያው ውሻዋ ሠልጥናለች፤ በደንብ ነው ያሠለጠኗት» አለች። እኔ ለዝላዩ ማጥፊያ 3,200 ዶላር ልከፍል፣ እማዬ ዝላዩን በነጻ ታስተምርልኛለች!

ቤት ስገባ ለእማዬ ነገርኳት። መጀመሪያ ካደች፤ ቀጥላ «ዓይኗ እኮ ያሳዝናል» አለች። ጉርሻው የሽሮ ፍትፍት መሆኑን ስሰማ ደግሞ ደነገጥኩ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ የደም ሴሎቿን ይጎዳል። ይህን ስነግራት እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ። ዳማን ጠርታ ጭንቅላቷን ዳበሰችው፤ እኔ ፊት ስትነካት ያ የመጀመሪያዋ ነው።

አሁን ማቀዝቀዣው ላይ የዳማ ትእዛዞች የተጻፉበት ወረቀት ተለጥፏል። ቀድሞ ልጄ «ና» ይላት ነበር፣ ባለቤቴ በእንግሊዝኛ «ከም»፣ እማዬ «ነይ»። አሰልጣኟ ለአንድ ሥራ አንድ ቃል ስላለች ተሰብስበን ተወያየን። እማዬ «ሴት ናት፤ እንደ ሴት ትጠራ» ብላ ረታች። «ነይ»፣ «ቁጭ በይ»፣ «ተይ»። መማሪያ ቋንቋዋ አማርኛ ሆነ፤ ሐሙስ ማታ ክፍሉ ሲጀመር ገመዱን የምትይዘውም እማዬ ናት፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ የአሜሪካ ኬነል ክለብ ከ1989 ጀምሮ የሚሰጠውን አሥር ክፍል ያለው የውሻ መልካም ጠባይ ፈተና መውሰድ ይቻላል። ከአሥሩ አንዱ እንግዳ ሰው ቀርቦ ሲያነጋግረኝ ውሻዬ በጸጥታ መቆየቷ ነው። ነጠላ የለበሰ እንግዳ ይሁንልኝ ብዬ ለመለመን አስቤያለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ለሽልማት የተቀቀለ ዶሮ፣ በጥፍር ልክ ተቆራርጦ፣ ይዛችሁ ኑ ተብለናል። ሁዳዴ ነው። እማዬ «በእኔ ድስት? በጾም?» አለችና በሩን ዘግታ ገባች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስትመለስ ግን ከከረጢቷ አንዲት ትንሽ ድስት አወጣች። እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አስራበታለች፤ ከሌላው ዕቃ እንዳይቀላቀል።